«አዋቂ ነኝ» ለሚል ሰው ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ ማሳሰቢያ በኤረር በር በኩል በግንብ ወደታጠረችው የሐረር ጀጎል ለምትገቡና ለምትወጡ ነው። ለጫት ነጋዴዎች፣ አህያ ጭናችሁ ከሸለቆው ለምትወጡ ገበያተኞች፣ የሐረርን ምሥጢር ፍለጋ ለምትመጡ እንግዶች፣ በተለይ ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ጥበብ» የሚል ማስታወቂያ ለሚያሳድዳችሁ ወጣቶች። ክታብ፣ አስማት ወይም «መፍትሔ» አለኝ ብሎ፣ ገንዘብ አስቀድሞ፣ አጣድፎና «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ከሚቀርባችሁ ሰው ራቁ። ዋናው መልእክት ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ግን ዘርዘር ብሎ ቢነገር ይሻላል።

እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ሲወጣ የተለመደው «ይህ ሁሉ ኋላ ቀር እምነት ነው፤ አትታለሉ» ማለት ነው። ሲባል ኖሯል፤ የሰማው ግን ብዙ አይደለም። ላለመስማቱም ምክንያት አለው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት ተቆጥረውለታል። እናቱ በአው አባድር ስም ስትማጸን እየሰማ ያደገን ሰው «መንፈሳዊ ኃይል የሚባል ነገር የለም» ብትሉት፣ የሚሸሸው አጭበርባሪውን ሳይሆን እናንተን ነው። አጭበርባሪውም የሚበላው ከዚሁ ከእውነተኛው ነገር ክብር ላይ ነው። ስለዚህ እኔ የመረጥሁት ዋናው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መናገርን ነው። ዋናውን በቅርብ ያየ ሰው ቅጂውን ለመለየት ብዙ ምክር አያሻውም።

እንደ ሐረር ትውፊት አው አባድር የምንላቸው ሼህ አባድር ኡመር ከ44 ቅዱሳን ጋር ወደዚህች ከተማ የመጡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬም በአዋቾቹ፣ ማለትም በቅዱሳኑ መካናት፣ ሰው ማታ ማታ ይሰበሰባል፤ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ይንጫጫል፣ ዚክሪው ይቀጥላል። የመጣ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ይዞ ይመጣል፤ ስኳር ቢሆን ስኳር፣ ዕጣን ቢሆን ዕጣን። ምንም ያልያዘም ይቀመጣል። ቦታውን የሚጠብቀው ሙሪድ ይመርቃል እንጂ ዋጋ አይቆርጥም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ሹዋሊድም የሚመጣው ከዒድ አልፈጥር በኋላ የስድስት ቀን ጾም ተጹሞ ነው፤ አስቀድሞ ጾሙ፣ ከዚያ ደስታው። የቃዲሪያን ጠሪቃ (የሱፊ መንገድ) የሚከተለውም ሰው ቢሆን ዊርዱን (የዘወትር ጸሎቱን) ከሼሁ በፈቃድ ይቀበላል፤ በመቁጠሪያ እየቆጠረ በየቀኑ ይደግመዋል። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ ደግሞት «ገና ነኝ» ይላል። በሦስት ቀን በር ይከፈትልሃል ያለ ሼህ ግን አልሰማሁም።

በክርስቲያኑም ወገን መንገዱ ረጅም ነው። ደብተራ የሚባለው ሰው አስቀድሞ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው የተማረ። አስማቱና ጠልሰሙ ከመደበኛው ትምህርት ውጪ ያለ ነው፤ ከመምህር ወደ ተማሪ በስውር የሚተላለፍ፣ ጾምና ንጽሕና የሚጠይቅ። የብራናው ክታብ አሠራር ራሱ ትዕግሥት ይፈትናል። ቆዳው ይፋቃል፣ ቁራጮቹ ይሰፋሉ፣ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ተደርጎ ይሠራል፤ ከእግር እስከ ራስ እንዲጠብቀው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ። ከዚያ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ ወይም አጋንንት የሚጠመዱበት የሰሎሞን መረብ ይሣልበታል፤ ሕፃናት ገዳይ የምትባለውን ውርዝልያን የሚያስወግደው የሱስንዮስ ጸሎትም ብዙ ጊዜ አብሮ አለ። የዚህ ሥራ ውበት ፈረንሳዊውን ተመራማሪ ዣክ መርሲዬን ዓመታት ሙሉ አድክሞ መጻሕፍት አስጽፎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልበል። ሁለቱም እምነቶች በዚህ ጥበብ አይስማሙም። ቤተ ክርስቲያን አስማተኛን ታወግዛለች፤ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጠንቋይን ሲያሳድዱ፣ ደስክና ዲኖ የተባሉ ጣዖታትን አመለኩ ተብለው የተከሰሱት የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ከቅጣቱ አላመለጡም። በሙስሊሙ ዘንድም ሂርዝ (ክታብ) ማንጠልጠልን የሚፈቅድ አለ፣ ሽርክ (በአላህ ማጋራት) ነው የሚል አለ፤ ሲህር (ድግምት) ግን በማንም ዘንድ ኃጢአት ነው። ክርክሩን እኔ አልፈታውም። ይልቅ ልቤን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሰማይ የወረዱት መላእክት ለሚስቶቻቸው ድግምትንና ሥር መቁረጥን ያስተማሩት በበደል ነው፤ ከዚያም ፍርድ ተከተላቸው። በቁርኣን ሁለተኛው ሱራ ደግሞ በባቢል የነበሩት ሃሩትና ማሩት «እኛ ፈተና ነን፤ አትካድ» ብለው ሳያስጠነቅቁ ለማንም አላስተማሩም። እንግዲህ በኤረር በር የሚገናኙት የሁለቱ እምነት ሰዎች በየመጽሐፋቸው የያዙት ታሪክ ጥበቡ በአንዱ ከፍርድ፣ በሌላው ከማስጠንቀቂያ ጋር እንደመጣ ይናገራል። ፍርድና ማስጠንቀቂያ ያለበትን ነገር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ እንዲያውም «ምንም ጉዳት የለውም፣ ዋስትና አለው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ከማን ተማረው?

ፈረንጆቹስ ቢሆኑ ምን አገኙ? በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ጆን ዲ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ መላእክት የሄኖክን ቋንቋ ነገሩኝ ብሎ ደብተር ሲሞላ፣ የሄኖክ መጽሐፍ በግዕዝ ተጽፎ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ይነበብ ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ላይ የተቋቋመው ወርቃማው ንጋት የተባለው ማኅበርም የጆን ዲን ሥርዓት ወርሶ ደረጃ በደረጃ፣ በፈተናና በቃለ መሐላ ያስተምር ነበር። ዛሬ በስልካችን የሚመጣው «የሄኖክ አስማት» ይኸው የለንደኑ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ ተተርጉሞ «የአባቶቻችን» የሚል ስም ወጥቶለት ተመልሶ የሚሸጥልን። ገዳም ያልገባ፣ ቅኔ ያልቆጠረ፣ ለንደንም ያላየ ልጅ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ መምህር ሆኖ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ አሠራራቸው። አንድ ሰው ከጫት ተራው መሃል «እናቴ፣ ፊትሽ ላይ የማየው ነገር አለ» ብሎ ቢያስቆማችሁ፣ ወይም በስልክ «ወንድሜ፣ ሥራህን ያሰረብህ ሰው ቅርብህ ያለ ነው» ቢላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ስማችሁንና የእናታችሁን ስም ይጠይቃል። ይህ በራሱ አውደ ነገሥት ከተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። የሁለቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው በ12 ይገደፋሉ፤ የቀረው ቁጥር ኮከብን ይነግራል። ቅር የማያሰኝ ልማድ ይመስላል። ዳሩ ግን የእናት ስም ባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ የምትጠየቁት መረጃ ነው፤ ስልክ ቁጥራችሁ ደግሞ ከቴሌብር ጋር የተሳሰረ ነው። «ለጸሎቱ ፎቶ ላክ» ሲል የሚፈልገው አንዳንዴ ፊታችሁን ሳይሆን መታወቂያችሁን ነው። ኮከብ ለመቁጠር የፋይዳ ቁጥር አያስፈልግም። የቴሌብር የምሥጢር ቁጥርማ ጂኒም መልአክም አይጠይቅም።

ከዚያ ትንሽ ብር ይጠየቃል። ያቺ ትንሽ ብር ማጥመጃ ናት። ሳምንት ሳይሞላ «ዕቃው አልበቃም»፣ «ጥቁር በግ ያስፈልጋል»፣ «የታሰረው ከባድ ነው» ይመጣል፤ በየዙሩም ዋጋው ይጨምራል። ማቆም ብትፈልጉ ማስፈራራቱ ይጀምራል፤ «ጀምረህ ከተውከው በልጆችህ ላይ ይዞራል»። ሰውን የሚያስረው ይኸኛው ነው። ተስፋ ያላስከፈለውን ገንዘብ ፍርሃት ያስከፍላል። የተቀበረ ወርቅ አለ፣ ጠባቂውን ጂኒ ለማስለቀቅ ገንዘብ አዋጡ የሚለው ደግሞ አንድን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ሁሉ አደኽይቶ የሚሄድ ነው። ሐረር አሮጌ ከተማ በመሆኗ ወሬው ይታመናል። ማንም ጂኒ ግን በቅድሚያ ክፍያ ቦታ አይለቅም።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳያችሁ። ብዙ ጊዜ በቆዳ ተሰፍቶ የሚሸጠው ወረቀት ውስጥ ያለው ዘጠኝ ቤት ያለው ሠንጠረዥ ነው። ላይኛው መስመር 4፣ 9፣ 2፤ መካከለኛው 3፣ 5፣ 7፤ ታችኛው 8፣ 1፣ 6። ወደ ጎንም፣ ወደ ታችም፣ በማዕዘንም ብትደምሩት 15 ነው። ሠንጠረዡ የቆየና የተከበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አልገዛሊ ምጥ ለጠናባት ሴት ይጠቅማል ስለመባሉ ጽፈዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የመጣው የአልቡኒ ሸምስ አልመዓሪፍም በእንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች የተሞላ ነው። የሚገርም የቁጥር ውበት አለው፤ አልክደውም። ነገር ግን የሚሸጥላችሁ ምሥጢር ይህ ከሆነ፣ አሁን በነፃ አላችሁ። ልጃችሁ በሒሳብ ደብተሩ ይሥራው።

«አልሠራልኝም» ስትሉ የሚሰጠው መልስም ያው ነው፤ «ጊዜው አልደረሰም፣ ታገሡ»። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሲቆይ፣ የመጀመሪያው ክርስቲያን ከግንቡ ውስጥ ከገባ ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት እንደነበር ጽፏል። ከተማዋ በእውነትም ወደቀች፤ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ያውም በሙስሊም ግብጾች እጅ። ትንቢቱን የሚወዱ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. 1887ን ጠብቀው በምኒልክ ይፈቱታል። ጊዜ የማይገደብለት ትንቢት አይሳሳትም፤ ቀን የማይቆረጥለት ክታብም እንደዚያው።

ገንዘብ ይተካል። ለአካል የሚያሰጋው ግን በእኔ ዓይን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በኸልዋ (ለጸሎት ከሰው መነጠል) ስም ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል ተቀመጡ፣ ጹሙ፣ አትተኙ፣ እየቃማችሁ ድገሙ የሚል ትእዛዝ በስልክ የሚሰጥ አለ። በጫት፣ በረኃብና በእንቅልፍ እጦት ሦስት ሌሊት ያለፈ ሰው ድምፅ ሊሰማ፣ ጥላ ሊያይ ይችላል። ሐረር ውስጥ ምርቃናን የማያውቅ የለም። ምርቃና ሲበዛና እንቅልፍ ሲቀር የሚመጣውን «ተገለጠልኝ» ብሎ መቀበል አንዳንዱን ሰው ወደ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ይከተዋል። እውነተኛው ሼህ ተማሪውን ኸልዋ የሚያስገባው በቅርብ እየጠበቀው፣ እየጠየቀው፣ ሲከፋበት እያስወጣው ነው። ቴሌግራም ላይ ያለው መምህር ግን እናንተ ስትወድቁ አያያችሁም። ክፍሉን ዘግታችሁ ዕጣን የምታጨሱበት የከሰል ምድጃም ያልታሰበ ጠላት ነው። የከሰል ጭስ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ያስተኛል። «መንፈሱ ያዘኝ» ሲባል የተከሰተው ይህ ሊሆን ይችላል፤ መስኮት ሳትከፍቱ ከሰል አታቀጣጥሉ።

ለ«መፍትሔ» ተብሎ የሚሰጥ አስተናግርን በተመለከተ ደግሞ ምንም ማለዘብ አይቻልም። ከአጥር ሥርና ከቆሻሻ ላይ የሚበቅለው፣ ነጭ እንደ ጡሩምባ ያለ አበባ ያለው ተክል ነው። ፍሬው ያስቀባጥራል፣ አፍ ያደርቃል፣ የዓይንን ብሌን ያሰፋል፣ ልብን ያስሮጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ይገድላል። መጠኑን ደግሞ ሥር ማሹም ቅጠል በጣሹም አስቀድሞ አያውቀውም፤ ከፍሬ ፍሬ፣ ከተክል ተክል ይለያያልና። ለልጅ የሚያሰክር ነገር መስጠትም አዲስ አይደለም፤ በምኒልክ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት በመንግሥት ዕውቅና ይሠራበት ነበር። አንድ ልጅ ዱቄት የተደባለቀበት ወተት ይጠጣል፣ ትምባሆ ይስባል፣ ወገቡ በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ ሰክሮ እየተንገዳገደ ከሰው ቤት ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ንጹሕ ሰው ስንቱ እንደከፈለ እግዜር ይወቀው። ሥርዓቱ ከመንግሥት አሠራር ከወጣ ቆይቷል። ያጣችሁትን ስልክ ለማግኘት «ንጹሕ ልጅ አምጡ፣ እሱ ያያል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ያው ነው የተመለሰው፤ ልጃችሁን እጁን ይዛችሁ ውጡ።

መድኃኒት ስለማቋረጥ። የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው «ክታቡ እንዲሠራ ክኒኑን ተው» ቢባል፣ ያን ያለው ሰው አዋቂ አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ያለማቋረጥ ሊጥልና ሊገድል ይችላል። ከዚህ ከተማ ሳትወጡ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ሐኪሙ ጋ መሄድ ዚያራን (ወደ ቅዱሳን መካን መሄድን) አያስቀርም፤ ሁለቱንም የሚያደርጉ ስንት ሐረሪዎች አሉ።

ሌላው የሚጎዳው ነፍስ የሌለው ነው፤ መጽሐፎቻችን። ክታብ ፈላጊ ሲበዛ ከአሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ገንጥሎ በቆዳ መስፋት ይመጣል። የሐረር የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችና የፊቅህ መጻሕፍት፣ የክርስቲያኑም ብራናዎች እንዲህ ይቦጫጨቃሉ። በብራናው ክታብ ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የገዢው ስም መጻፉም የቆየ ልማድ ነው፤ ብርሃን ፊት ያዙት፣ ከቀዩ ስም ሥር የተፋቀው ቆዳ ሳስቶና ሻክሮ ይታያል። እንግዶች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ ትናንት ተጽፎ ጭስ ላይ የተንጠለጠለ «የ300 ዓመት ጠልሰም» አለ። ሐሰተኛ ከሆነ ተታለላችሁ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ሕግ ተላለፋችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ማየት ከፈለጋችሁ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ክፍት ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ እዚያ አለ፤ መጽሐፍ የሚጠገንበትና የሚደጎስበትም እዚያው ነው።

የተታለለ ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ «ሞኝ ይሉኛል» ብሎ። አታፍሩ፤ ኀፍረቱ የአታላዩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ በጥንቆላና በመናፍስት ስም የሰውን የዋህነት መበዝበዝም በዚያው ሕግ በደንብ መተላለፍ ያስጠይቃል። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ክርክሩን በመንፈስ ጉዳይ ላይ አታድርጉት፤ ገንዘብ መቼ፣ በማን ስም፣ በየትኛው ቁጥር እንደላካችሁ ተናገሩ። የቴሌብር የክፍያ መልእክቶችን፣ የድምፅ መልእክቶችንና የቴሌግራም ንግግሩን አትሰርዙ። አዋቂው «ለሥርዓቱ ሲባል አጥፋው» ብሎ ከነበረ፣ ሳይጠፋ በሌላ ሰው ስልክ ፎቶ አስነሡት። የምሥጢር ቁጥራችሁን ነግራችሁት ከሆነ ከፖሊስም በፊት ወደ ባንካችሁና ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሂዱ። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ወይም ብራና እጃችሁ ላይ ካለ፣ ቆዳውን ሳትቀዱ፣ ውኃ ሳታስነኩ፣ እንዳለ ለሙዚየሙ ወይም ለክልሉ የባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ስጡት።